«ወዘተ» እና እዚያው የቀረችው የስፌት መኪና

ልጆቼ፣ ሰሞኑን አንዲት ጀማሪ ተርጓሚ «ጋሼ፣ የጣሊያንኛውን ‹ኤ ኳንታልትሮ› ‹ወዘተ› ብዬ ልለፈው?» ብላ ጠየቀችኝ። «እለፊው» ልላት ስል እጄ ተያዘብኝ።

የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ ነው፤ ሮም። በሰው ቤት የምትሠራ ያገሬ ልጅ ወረቀት ይዛ መጣች። ስታስታምማቸው የኖረች አሮጊት ሞተው በኑዛዜያቸው አስበዋታል። «የቤት ዕቃው፣ መጻሕፍቱ፣ ኤ ኳንታልትሮ ሲ ትሮቫ ኢን ካዛ» ይላል። አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ እየተቻኮልኩ «የቤት ዕቃ፣ መጻሕፍት ወዘተ.» ብዬ ጻፍኩላት። ሊሬዬንም ተቀበልኩ።

በዓመቱ የገና ቡና ላይ ተገናኘን። አልጋውን፣ ቁም ሳጥኑን፣ ድስቶቹን፣ የማታነባቸውን ሁለት ካርቶን መጻሕፍት ሳይቀር ወስዳለች። በመስኮቱ ሥር የነበረችውን፣ አሮጊቷ ስፌት ያስተማሯትን ባለ ፔዳል መኪና ግን ትታታለች። «ወዘተ ሲል ወንበርና ድስት የመሰለውን ነው አልኩ። መኪናዋ ውድ ናት፣ ሌባ እንዳልባል ፈራሁ» አለችኝ እየሳቀች። የአሮጊቷ ዘመዶች ወስደዋታል። ጥፋቱ የኔ መሆኑን አልነገርኳትም። ቡናዬን ጨርሼ ወጣሁ።

«ኳንታልትሮ» ከላቲኑ «ኳንቱም» እና «አልቴር» የመጣ ነው፤ «ሌላ ያለውን ያህል» እንደ ማለት። ግሥ ሲከተለው፣ እንደዚያ ኑዛዜ፣ «በቤቱ ያለው ሌላ ነገር ሁሉ» ማለት ነው፤ መኪናዋም ጭምር። ዛሬ ጣሊያኖቹ ግሡን ጥለው ቃሉን ብቻውን የዝርዝር ጭራ አድርገውታል፤ ለቋንቋቸው የሚቆረቆሩት ይቆጣሉ።

የ«ወዘተ» አቻ የሆነው የላቲኑ «ኤት ኬቴራ» የሮማውያን ነው፤ «ሌሎቹም ነገሮች»። «ኬ» በጊዜ ብዛት «ቼ» ሆነ፤ «ት»ን ተከታዩ ፊደል ዋጣትና ጣሊያንኛው «ኤቼቴራ» አለ። ስምንትን «ኦክቶ» ይሉ የነበሩት «ኦቶ» እንዳሉት ነው። የእኛ «ወዘተርፈ» ግን «የተረፈውም» ነውና በቃሉ ፍቺ ከሄድን ለሌላው የላቲን አባባል፣ ለ«ኤት ሬሊኳ»፣ ይቀርባል።

የመካከለኛው ዘመን ውል አዋዋዮች የተለመደውን አንቀጽ ጀምረው ቀሪውን በ«ኤት ኬቴራ» ይቆርጡት ነበር። ፈረንሳዮች «ከመድኃኒት ቀማሚ መሳሳትና ከውል አዋዋይ ‹ኤት ሴቴራ› ያውጣን» የሚሉት ወደው አይደለም። ያቺ ልጅም ከተርጓሚ ወዘተ የሚያወጣት አጣች።

ሰፈራችን አንድ አትክልት ሻጭ ነበር፤ ቲማቲሙን፣ ዝኩኒውን፣ በሶብላውን ጠርቶ «ኤ ኪ ፒው ኔ ኣ፣ ፒው ኔ ሜታ!» ይላል፤ «ተጨማሪ ያለው ይጨምር» እንደ ማለት። ለዚህ እስከ ዛሬ የሚመጥን አማርኛ አላገኘሁለትም።

እናንተ ደግሞ ሁሉን በ«ምናምን» ትዘጋላችሁ። «ፋይሉን ምናምን ልኬያለሁ» ይሉኛል፤ ምኑን እንደላኩ ሳልረዳ እቀራለሁ። ያናድደኛል። ለነገሩ እኔም ቤቴ «ጨው ምናምን ግዙ» እላለሁ፤ የሚገዛው አይጠፋቸውም። በትርጉም ሥራ ግን «ወዘተ»ን እርም ብያለሁ። እርግጥ ባለፈው ሳምንት አንድ የምግብ ዝርዝር ላይ ሁለት ጊዜ ጽፌያታለሁ።

አንቺ የጠየቅሽኝ ልጅ፣ ከ«ኳንታልትሮ» በኋላ ግሥ አለ? ዐረፍተ ነገሩን እንዳለ ላኪልኝ፤ ዛሬ የሚያስቸኩለኝ አውቶቡስ የለም።