በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ኳስ ተጫዋች እንዴት ይኖር ነበር?

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ የስፖርት መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ የዛሬዎቹን ተጫዋቾች ሀብት እያነሡ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በእንግሊዝ አገር ኳስ መተዳደሪያቸው የነበሩ ሰዎችም ባለጸጎች እንደነበሩ ይከራከራሉ። እውነት ነውን? ውላቸው ሲያልቅስ ወደ ፈለጉት ክለብ መሄድ ይችሉ ነበር?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ባለጸጎች አልነበሩም፤ ከዚያ የሚከፋው ግን ነጻም አለመሆናቸው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1922 ጀምሮ የተጫዋች ደመወዝ በውድድር ወራት በሳምንት ከ8 ፓውንድ፣ ውድድር በሌለባቸው ወራት ደግሞ ከ6 ፓውንድ እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር፤ ለድል 2 ፓውንድ፣ ለአቻ ውጤት 1 ፓውንድ ይታከልበታል። ገንዘቡ ከሠለጠነ የፋብሪካ ሠራተኛ ደመወዝ ስለሚሻል፣ ከከሰል ማዕድን መንደር ለወጣ ወጣት ትልቅ ዕድል እንደነበር አይካድም፤ ሆኖም ብዙዎቹ ወደዚህ ጣሪያ አይደርሱም ነበር። በ1927/28 የውድድር ዘመን ለኤቨርተን 60 የሊግ ግቦችን ያስቆጠረው ዲክሲ ዲን እንኳ ከጣሪያው በላይ እንዲከፈለው ደንቡ አይፈቅድም ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ዋናውን ጉዳይ ይነካል። ውሉ በተለምዶ የአንድ ዓመት ሲሆን፣ ዓመቱ ሲያልቅ ክለቡ ተጫዋቹን ከሚያስቀራቸው ሰዎች መዝገብ ካሰፈረው፣ ተጫዋቹ አዲሱን ውል አልፈርምም ቢል እንኳ ክለቡ ሳይፈቅድ ለሌላ የሊጉ ክለብ መጫወት አይችልም፤ ደመወዙም ይቋረጥበታል። በሌላ በኩል ክለቡ ካልፈለገው ያሰናብተዋል። ዴቪድ ጃክ በ1928 ከቦልተን ወደ አርሰናል ሲዛወር ከ10 ሺህ ፓውንድ በላይ ተከፍሎበታል፤ ይህን ያህል ዋጋ የወጣበት ሰው ሳምንታዊ ደመወዙ ግን በዚያው ጣሪያ ሥር ነበር። እኔ ይህን ግፍ እለዋለሁ።

ሥራውም ከባድ ነበር። ኳሱ ከወፍራም ቆዳ ተሰፍቶ አፉ በጠፍር የሚታሰር ስለነበር ዝናብ ሲመታው ውኃ እየመጠጠ ይከብዳል፤ ጠፍሩ ባለበት በኩል በግንባሩ የገጨው ሰው ቆዳው ይላጥ ነበር። ተቀያሪ ተጫዋች በሊጉ የተፈቀደው በ1965 ስለሆነ፣ የተጎዳው ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ክንፍ ወጥቶ እያነከሰ ጨዋታውን ይጨርሳል። በጎረቤት ስኮትላንድም የሴልቲክ ክለብ ግብ ጠባቂ ጆን ቶምሰን፣ ቀድሞ የማዕድን ሠራተኛ የነበረው፣ በ1931 ከሬንጀርስ ጋር ሲጫወት ከአጥቂ እግር ሥር ኳስ ለመያዝ ተወርውሮ ጭንቅላቱን ተመታና በ22 ዓመቱ ሞተ።

በ1939 ጦርነቱ ሲነሣ ሊጉ ገና በጅምሩ ተቋረጠ፤ የተጫዋቾቹም ውል ፈረሰ። የደመወዙ ጣሪያ የተነሣው በ1961 ነው፤ ውሉ ያለቀን ተጫዋች አስሮ የማቆየቱን ልማድ ደግሞ ፍርድ ቤት በ1963፣ በተጫዋቹ በጆርጅ ኢስትሃም ጉዳይ፣ ተገቢ ያልሆነ የሥራ ገደብ ነው ሲል ፈርዶበታል።