ሎጉን ሰርዘኸው ዲስኩ ለምን አልተለቀቀም?

ከደብረ ሲና የጠየቅከው ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የራሴን ጭንቀት አስታወስከኝ። የድርጅታችሁ የሂሳብና የመጋዘን ሲስተም ቶምካት (የጃቫ ፕሮግራሞችን የሚያስኬድ ሰርቨር) ላይ ነው የሚሠራው፤ ካታሊና አውት የሚባለው የሎግ ፋይል፣ ማለትም የሚሠራውን እየመዘገበ የሚጽፍበት፣ 47 ጊጋ ደርሶ ዲስኩን ሞላው፤ ብትሰርዘውም ዲስኩ አሁንም መቶ በመቶ ሞልቷል ይላል። «ሎጉ ከ100 ሜጋ እንዳያልፍ ማድረግ ይቻላል ወይ?» ነው ያልከው። ይቻላል፤ ግን መጀመሪያ የዛሬውን እንፍታ።

ስትሰርዘው የጠፋው የፋይሉ ስም ብቻ ነው። ቶምካት ከፍቶ እየጻፈበት ስለሆነ፣ እሱ እስኪዘጋው ድረስ የማሽኑ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሊነክስ ቦታውን አይለቅም። ሠራተኛው ለምሳ ሲወጣ ቶምካትን ሪስታርት አድርገው፣ ቦታው ይመለሳል። ከእንግዲህ እየተጻፈበት ያለ ሎግ አትሰርዝ፤ ትራንኬት በሚባለው ትእዛዝ ፋይሉን ሳታጠፋ መጠኑን ዜሮ አድርገው።

ወደ ገደቡ ልምጣ። ቶምካት ያንን ፋይል በራሱ አይቆርጠውም፤ የሚቆርጠው ሎግሮቴት ነው፤ ይህ የሞላን ሎግ ወደ ጎን አድርጎ በአዲስ የሚያስጀምር፣ ማለትም የሚያዞር፣ የቆዩትንም የሚሰርዝ የሊነክስ ፕሮግራም ነው። እኔም እዚህ ደብረ ብርሃን «ሳይዝ 100 ሜጋ» ብዬ ሎግሮቴት ላይ ጻፍኩና ጉዳዩን ጨረስኩ ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በሰኔ ማለቂያ፣ ዲስኩ ሞላ። ዳታቤዙ መጻፍ አቃተው፤ የመሐል ሜዳና የዓለም ከተማ ቅርንጫፎቻችን ገንዘብ ያዦች ደረሰኝ መመዝገብ አቅቷቸው ስልኬን ያጨናንቁታል። ሰው ሥራው ቆሞበት ስምህን ሲጠራ እንዴት እንደሚከብድ አንተም አሁን አይተኸዋል።

ምክንያቱን ያገኘሁት ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ነው። ሎግሮቴት ፋይሉን ሁልጊዜ አይጠብቅም፤ ሲጠሩት ብቻ ነው የሚያየው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚጠራው በቀን አንዴ ነው። በመሀል 30 ጊጋ ቢጻፍ እሱ አያውቅም። ስለዚህ ትእዛዞችን በተወሰነ ሰዓት በሚያስኬደው በክሮን በየሰዓቱ እንዲሠራ አደረግኩት። ያን ያህል የተጻፈው ደግሞ አንድ የጥገና ባለሙያ የሎግ ደረጃውን ዲበግ ላይ፣ ማለትም ጥቃቅኑን ዝርዝር ሁሉ በሚያስጽፈው ላይ፣ ትቶት ስለሄደ ነበር።

ኮፒትራንኬት የሚለውን የሎግሮቴት ምርጫ ብዙዎች ይመክሩሃል፣ እኔም የምጠቀመው እሱን ነው፤ ቶምካትን ሪስታርት ማድረግ አያስፈልገውምና። ግን መጀመሪያ ፋይሉን ይቀዳል፣ ከዚያ ዋናውን ባዶ ያደርጋል። 47 ጊጋ የሆነ ፋይል ለመቅዳት ሌላ 47 ጊጋ ቦታ ይፈልጋል፤ የሞላ ዲስክ ላይ አይረዳህም። በመቅዳቱና በባዶ ማድረጉ መካከል የተጻፈ መስመርም ሊጠፋ ይችላል። ማን ምን ሂሳብ እንደቀየረ የሚመዘግበውን የኦዲት ሎግ በዚህ መንገድ አትንካው፤ ለእሱ የፋይናንስ ኃላፊዋን ጠይቀህ ለብቻው ባክአፕ ያዝለት።

ሲስተሙ በሎግ4ጄ 2 (የጃቫ ፕሮግራሞች ሎግ የሚጽፉበት መሣሪያ) የሚጽፋቸውን ሌሎች ፋይሎች ደግሞ እዚያው ኮንፊገሬሽኑ ላይ ገድባቸው። በመጠን እንዲዞር ካደረግከው፣ ቁጥር ካልሰጠኸው 7 የቆዩ ፋይሎች ብቻ ያስቀራል። አንዱን ፋይል ሎግ4ጄም ሎግሮቴትም እንዲያዞሩት ግን አታድርግ፤ ይጣላሉ።

100 ሜጋ ያልከው ጥሩ ነው። እኔ የምጨነቀው ለሚቀሩት ፋይሎች ብዛት ነው። 20 ፋይል ብታስቀር 2 ጊጋ ነው፤ ኮምፕረስ ካደረግከው ደግሞ በጣም ያንሳል። የመሐል ሜዳ ቅርንጫፍ ችግር ሲገጥመው ብዙ ጊዜ የሚነግረኝ ከሳምንት በኋላ ስለሆነ፣ የሁለት ሳምንት ሎግ ካላስቀረሁ የምፈልገው መስመር ቀድሞ ጠፍቷል። የእናንተ ቅርንጫፎች በስንት ቀን እንደሚነግሩህ አስብና ቁጥሩን ከዚያ ተነስተህ ወስን።

ዛሬ ሪስታርት ከማድረግህ በፊት ግን የሎግ ደረጃውን እየው። ዲበግ ላይ ከሆነ ዋና ዋናውን ብቻ ወደሚያስጽፈው ወደ ኢንፎ መልሰው፤ አለበለዚያ የለቀቅከው ቦታ እንደገና ይሞላብሃል። የሎግሮቴት ፋይልህን ከጻፍክ በኋላ እዚሁ ለጥፈው፣ ማታ አየዋለሁ።