የበሰለ የአሳማ ሥጋ ስንት ፕሮቲን አለው ብለው ለጠየቁት እህት፦ ጥሬውንና የበሰለውን ሚዛን አያምታቱ

እህቴ፣ ደብረ ብርሃን አቅራቢያ ላለ የውጭ ዜጎች ካምፕ ምግብ እንዲያቀርቡ እንደተጠየቁ ገልጸው፣ የበሰለ የአሳማ ሥጋ በ100 ግራም ስንት ካሎሪና ስንት ፕሮቲን እንዳለው፣ ከበግ ሥጋስ ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ከእኔ በፊት የመለሱልዎ ሰዎች ይበላል አይበላም በሚለው ላይ ሲከራከሩ ጥያቄዎ ሳይመለስ ቀርቷል። እኔም የአገሩ ሰው ነኝና አልቀምሰውም፤ ነገር ግን ለሦስት ወር አብስዬዋለሁ፣ በግራም እየመዘንኩ አስረክቤዋለሁ፣ ከስሬበታለሁም። የእርስዎም ነገር ከእኔው የሚለይ አይመስለኝምና የማውቀውን በተራ ልጻፍልዎ።

አንደኛ፣ የአሳማ ሥጋ ጮማ ነው የሚባለው እንደ ብልቱ ነው። የተፈጨው ሥጋ ከበሰለ በኋላ በ100 ግራም ወደ 297 ካሎሪ፣ 26 ግራም ገደማ ፕሮቲንና 21 ግራም ገደማ ስብ ይኖረዋል። ጭቅናው ግን ስቡ ተገፎ ሲጠበስ ፕሮቲኑ እዚያው 26 ግራም አካባቢ ሆኖ ስቡ ወደ 3.5 ግራም፣ ካሎሪው ደግሞ ወደ 143 ዝቅ ይላል። ስለዚህ ለካምፑ ግዥ ክፍል በሚሞሉት ቅጽ ላይ «የአሳማ ሥጋ» ብለው ብቻ አይለፉ፤ ከየትኛው ብልት እንደሆነ ይጻፉ። በጨው የታሸውንና በጢስ የደረቀውን፣ ቤከን የሚሉትን፣ ከዚህ ጋር አይቀላቅሉት፤ የእሱ 100 ግራም ብቻ ከ1,500 ሚሊ ግራም በላይ ሶዲየም ሲይዝ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን የሚመክረው ከ2,000 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ነው።

ሁለተኛ፣ ከበግ ይሻላል ወይ ላሉት፣ በምን ብዬ ልመልስልዎ። የተፈጨ የበግ ሥጋ ሲበስል በ100 ግራም ወደ 283 ካሎሪና 25 ግራም ፕሮቲን ስላለው፣ በዚህ በኩል ሁለቱ እኩያ ናቸው ማለት ይቻላል። በብረት በጉ 1.8 ሚሊ ግራም ሲይዝ አሳማው 1.3 ላይ ይቀራል፤ በቫይታሚን ቢ12ም በጉ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አሳማው በግልጽ የሚበልጠው በቫይታሚን ቢ1 ነው፤ አንድ አዋቂ ወንድ በቀን 1.2 ሚሊ ግራም ሲያስፈልገው የአሳማው 100 ግራም ወደ 0.7 ይሰጣል፣ በጉ ግን 0.1 ብቻ። ይህ ቫይታሚን በውሃ የሚሟሟ ስለሆነ ሥጋውን ቀቅለው መረቁን ከደፉ አብሮ ይደፋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ የበጉ ቁጥር የባሕር ማዶ በግ ቁጥር ነውና፣ ስቡን በላቱ ተሸክሞ የሚኖረውን የመንዝን በግ በዚያ ልክ አይፍረዱበት።

ሦስተኛ፣ እኔን ያከሰረኝ ሚዛኑ ነው። ውሌ ለ40 ሰው ምሳ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ሰው 150 ግራም ሥጋ ይላል። 40 በ150 ስድስት ኪሎ ነው ብዬ፣ በስድስት ኪሎ ጥሬ ሥጋ ዋጋ ተምኜ ፈረምኩ። በመጀመሪያው ቀን የካምፑ ሰው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሚዛን ይዞ መጥቶ አንዱን ሳህን አነሣና ሥጋውን ብቻ ለይቶ መዘነው፤ 104 ግራም ሆነ። ሌላውን መዘነ፤ 106። እኔ ከሥጋ ቤቱ የተቀበልኩበትን ወረቀት አውጥቼ ስድስት ኪሎ መሆኑን ሳሳየው፣ እሱ ደግሞ ውሉን ገልጦ «የበሰለ» የሚለውን ቃል በጣቱ አሳየኝ። እውነቱን ነበር። ሥጋ ሲበስል ውሃውንና ከስቡ ጥቂቱን ይለቅቃልና የእኔ ስድስት ኪሎ ከድስቱ ሲወጣ አራት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ሆኖ ነበር። ውሉን ለመሙላት በየቀኑ ስምንት ኪሎ ተኩል ያለፈ ጥሬ ሥጋ ያስፈልገኝ ነበር፤ ይኸውም ሳይበስል አጥንቱና ቆዳው ወጥቶ ማለት ነው። በየቀኑ የጎደለኝ ሁለት ኪሎ ተኩል በወር 26 የሥራ ቀን፣ በሦስት ወር ሲደመር 200 ኪሎ ገደማ ሆነ። ያንን የሞላሁት አባቴ ቤት የነበሩኝን በጎች ሸጬ ነው። ሆኖም ከዚያ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ አንድም ቀን ሳህን አላጎደልኩም፤ ይህንን ማንም አይወስድብኝም።

የምግብ ይዘት ሠንጠረዥ ሲነበብ የሚሠራው ስሕተትም የሚመጣው ከዚያው ነው። ጥሬው የተፈጨ የአሳማ ሥጋ በ100 ግራም 17 ግራም ገደማ ፕሮቲን ሲኖረው የበሰለው 26 መሆኑን አይተው፣ እሳት ፕሮቲን ይጨምራል እንዳይሉ። ፕሮቲኑ ያው ነው፤ ውሃው ስለወጣ በ100 ግራሙ ውስጥ ድርሻው ከፍ አለ እንጂ። እኔ ግን የጥሬውን ክብደት ይዤ በበሰለው ቁጥር አባዛሁና ለእያንዳንዱ ሰው 39 ግራም ፕሮቲን ብዬ ጻፍኩ፤ ሳህኑ ላይ የነበረው ግን 27 ገደማ ነበር። በግዥ ክፍሉ ፊት ቀጣፊ የመሰልኩት በዚህ ነው።

ስለ ግዥ ክፍሉ ካነሣሁ አይቀር፣ ቅጹን ይዤ ስሄድ የተቀበለኝ ልጄ የሚሆን ወጣት ነበር። ቅጹ «አሰር» (ፋይበር) የሚል ዓምድ አለውና ሥጋ አሰር ስለሌለው ዜሮ ጻፍኩ። «አንቺ፣ ዜሮ ብለሽ አታስገቢም፤ ሙዪው» ብሎ መለሰልኝ። ሥጋ ውስጥ አሰርም ካርቦሃይድሬትም የለም ብዬ ባስረዳው፣ በማግስቱ እንድመለስ ነግሮኝ ወደ ስልኩ ዞረ። ሦስት ቀን ከብርዱ ጋር ተመላልሼ በመጨረሻ ዜሮውን የተቀበለችኝ ከጎኑ የምትቀመጥ ሠራተኛ ናት። ከዜሮው ይልቅ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ «አንቺ» መባሌ ነው። እርስዎ በቅጹ ግርጌ «ሥጋ አሰር የለውም» የሚል አንድ መስመር በቅድሚያ ይጻፉበት።

አራተኛውን ስለ አበሳሰል ልለው ነበር፤ እሱም ከሚዛኑ አይርቅም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚዘልቅ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ እዚህ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። እንደ ወርች ያለውን ጠንካራ ሥጋ ለማለስለስ ረጅም ሰዓት ይፈጃል፤ በቆየ ቁጥርም ይበልጥ ይኮማተራል። አንዲት ረዳቴ ቶሎ እንዲለሰልስ ብላ ሶዳ ጨምራበት ስለነበር ከለከልኳት፤ ሶዳ ያንኑ ቢ1 ያጠፋዋል። እንደ ክትፎ ለብ ለብ ማድረግ ደግሞ ለአሳማ ፈጽሞ አይሆንም፤ የኮሶና የሌሎች ትሎች እጭ ሊኖርበት ይችላልና የተፈጨው ውስጡ 71 ዲግሪ፣ ሙሉው ቁራጭ 63 ዲግሪ ደርሶ ሦስት ደቂቃ ማረፍ አለበት። መውጊያ ያለው ቴርሞሜትር ይግዙ፤ በዓይን አይፍረዱ። ድስቱን፣ ቢላዋውንና መክተፊያውንም ለብቻ ያድርጉ፤ እኔ ይህን ሳልለይ በመጀመሪያው ሳምንት የአገሬው ሠራተኞች፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ከወጥ ቤቴ ሽሮ እንኳ አንበላም ብለው ምሳቸውን ከቤት ይዘው መጡ።

አሁን ዋጋ ከማስገባትዎ በፊት ከሚገዙበት ቤት ያንኑ ብልት አንድ ኪሎ ገዝተው፣ በራስዎ ድስትና በራስዎ እሳት አብስለው፣ መረቁን አንጠፍጥፈው ይመዝኑት። የእኔ አንድ ኪሎ 690 ግራም ወጣ፤ የእርስዎ ከዚያ ቢያንስም ቢበዛም ዋጋውን በዚያ ቁጥር አካፍለው ያውጡ፤ ውሉ ላይም «ጥሬ» ወይም «የበሰለ» የሚለው ቃል ከግራሙ ጎን መጻፉን አይተው ይፈርሙ።