ተውኔትን ወደ ፊልም ለምትመልሱ ወጣቶች

ልጆቼ፣ መድረክ ላይ ተመልካች ያገኘ የወንጀል ተውኔት ይዛችሁ ፊልም ልታደርጉት ስትነሱ፣ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ አብዛኛውን ጊዜ «ታሪኩን ከክፍሉ እንዴት እናውጣው?» የሚል ነው። እኔ ክፍሉን አትልቀቁት እላችኋለሁ። ለዚህም ከዳይሬክተር አልፍሬድ ሂችኮክ ፊልም «ዳያል ኤም ፎር መርደር» የተሻለ መማሪያ አላውቅም። ያላያችሁት እዚህ ላይ አቁሙና አስቀድማችሁ እዩት፤ ከዚህ በታች ምስጢሩን እስከ መጨረሻው እፈታዋለሁና።

ተውኔቱን የደረሰው ፍሬድሪክ ኖት ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በቢቢሲ ቴሌቪዥን ታየ፤ በዚያው ዓመት ለንደን፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ ብሮድዌይ መድረክ ላይ ወጣ። የፊልሙን ጽሑፍም ራሱ ኖት አዘጋጀው፤ ፊልሙ በ1954 ለእይታ በቃ። 105 ደቂቃ ይፈጃል፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ነገር የሚሆነው አንድ የለንደን ሳሎን ውስጥ ነው። ሂችኮክ ይህን ያደረገው አስቦበት ነው። ተውኔትን ለማስፋት ተብሎ ሰው ከታክሲ ሲወርድና ደረጃ ሲወጣ የሚያሳይ ትዕይንት ቢታከልበት፣ ጉልበቱ የነበረው ጥበቱ ይጠፋል።

በምስጢር ታሪክ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ተመልካቹ ስልኩ የት እንዳለ፣ መጋረጃው ከጠረጴዛው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ በሩ ወደ የት እንደሚከፈት በልቡ ካልያዘ አይሰጋም። ቶኒ ሚስቱን ማርጎን ለማስገደል በ1000 ፓውንድ ስዋንን ሲዋዋል፣ እያንዳንዱን እርምጃ እዚያው ክፍል ውስጥ እየተዘዋወረ ያሳየዋል፤ ካሜራውም ከላይ ሆኖ ወለሉን እንደ ካርታ ያነብልናል። ማታ ስልኩ ሲጠራ እኛ ክፍሉን ከነቦታው እናውቀዋለን። ማርጎ ስልኩን ልታነሳ መጥታ ጀርባዋን ስዋን ለተደበቀበት መጋረጃ ሰጥታ ስትቆም ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገንም።

ያንን ረጅም ንግግር በተለይ ደጋግማችሁ እዩት። የመድረክ ንግግር ፊልም ላይ የሚሞተው በርዝመቱ ብቻ አይደለም፤ ተዋንያኑ በእጃቸው የሚሠሩት ሥራ ሲያጡ ነው። ቶኒ እያወራ የነካውን ዕቃ በመሐረብ ይጠርጋል። ለማርጎ ከፍቅረኛዋ የተጻፈላትን ደብዳቤ ጥሎ ስዋን እንዲያነሳው ያደርጋል፤ የስዋን የጣት አሻራ ደብዳቤው ላይ ቀረ ማለት ነው። ይኸው ደብዳቤ ኋላ የስዋን ሬሳ ኪስ ውስጥ ገብቶ፣ ስዋንን በደብዳቤው ያስፈራራት ሰው፣ ማርጎን ደግሞ የግድያ ምክንያት ያላት ሴት ያስመስላቸዋል። እናንተም ከሁለት ገጽ ለሚበልጥ ንግግር ሁሉ ዳር ላይ «እጁ ምን እየሠራ ነው?» ብላችሁ ጻፉ። መልስ ካላገኛችሁ ንግግሩን ከማሳጠራችሁ በፊት ሥራ ፈልጉለት።

አሁን ወደ ቁልፉ። ቶኒ የማርጎን ቁልፍ ከእጅ ቦርሳዋ ሰርቆ ከደረጃው ምንጣፍ ሥር ይደብቃል፤ ስዋን በሩን ከፍቶ ይገባል። ማርጎ ግን ራሷን ስትከላከል በመቀስ ትገድለዋለች። ቶኒ ከሟቹ ኪስ ቁልፍ አውጥቶ ቦርሳዋ ውስጥ ይመልሳል፣ የእሷ መስሎት። ስዋን ግን በሩን እንደከፈተ ቁልፉን ወዲያው ምንጣፉ ሥር መልሶ አስቀምጦት ነበር፤ ኪሱ የተገኘው የገዛ ቤቱ ቁልፍ ነው። የታሪኩ ቋጠሮ ይኸው ነው። ተመልካቹ ይህን ልብ የማይለው ሐሳቡ በሰዓቱ ስለተያዘ ነው፦ ቶኒ በተቀጠረው ሰዓት ከውጭ ወደ ቤት መደወል ሲኖርበት የእጅ ሰዓቱ ቆሟል፣ ሊደውልበት የሄደው የስልክ ክፍል ውስጥ ሌላ ሰው አለ፣ ስዋን ተስፋ ቆርጦ ሊወጣ ነው። ዋናውን ፍንጭ መቅበር ያለባችሁ ተመልካቹ ስለ ሌላ ነገር በሚጨነቅበት ደቂቃ ላይ ነው።

ስለዚህ አንድ ወረቀት በአራት ዓምድ ክፈሉ፦ ደቂቃው፣ ቁልፉ ያለበት ቦታ፣ ይህን የሚያውቀው ሰው፣ ተመልካቹ የሚያምነው። ፊልሙን እያቆማችሁ ሙሉት። ቀጥሎ ለራሳችሁ ተውኔት አድርጉት። ሦስተኛውና አራተኛው ዓምድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ከሆኑ ታሪኩ ውጥረት የለውም። ሁለተኛው ዓምድ ላይ ባዶ መስመር ካለ ግን ድርሰቱ ራሱ ቀዳዳ አለው፤ ካሜራ አይደፍነውም።

ከክፍሉ መውጣት የግድ ሲሆን፣ ማርጎ በስዋን ግድያ የተከሰሰችበት ፍርድ ቤት እንዴት እንደታለፈ ተመልከቱ። የችሎት አዳራሽ አልተገነባም፤ ትዕይንቱን የሚሸከሙት ማርጎን የሠራችው የግሬስ ኬሊ ፊት፣ ባዶ ጀርባ፣ የሚለዋወጥ ቀለም ያለው መብራትና ድምፅ ናቸው። ልብሷም ከደማቅ ቀይ ተነስቶ እየደበዘዘ ይሄዳል።

ፊልሙ በስሪዲ፣ ማለትም ጥልቀት ያለው ምስል በሚያሳይ ዘዴ ነው የተቀረጸው። ግዙፉ ካሜራ ቅርብ ነገርን አጥርቶ ማንሳት ስላልቻለ፣ ለስልኩ ትዕይንት ትልቅ የስልክ መደወያና ትልቅ ጣት ተሠሩለት። ካሜራው ዝቅ እንዲል ደግሞ ወለሉ ተቆፈረ። የእናንተ ችግር ሌላ ነው፤ በኪራይ ቤት ጠባብ ሳሎን ውስጥ ካሜራ ማፈግፈጊያ ያጣል። በፉል ፍሬም (የምስል መቀበያው የ35 ሚሊ ሜትር የፎቶ ፊልም ያህል በሆነ) ካሜራ፣ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ የቆመ ሰው ሙሉ ቁመና ለመያዝ 5 ሜትር ያህል መራቅ አለባችሁ። በ24 ሚሊ ሜትር 2.5 ሜትር ይበቃል፤ ነገር ግን ክፍሉ ከእውነቱ የሰፋ ይመስላል፣ ዳር ላይ የቆመውም ሰው ይለጠጣል። ከቻላችሁ አንዱ ግድግዳ የሚነሳ ክፍል አስገንቡ። ካልቻላችሁ በሩን ነቅላችሁ ከኮሪደሩ ቅረጹ።

ተዋንያኑን በተመለከተ፣ ኢንስፔክተሩን የሠራው ጆን ዊሊያምስና ስዋንን የሠራው አንተኒ ዶውሰን ከብሮድዌዩ መድረክ የመጡ ናቸው። ቃሉን አጥንተው የመጡ ተዋንያን ሀብት ናቸው። ሆኖም ብሔራዊ ቴአትር የኋላ ወንበር ድረስ የሚደርስ ድምፅ ሳሎን ውስጥ ጩኸት ነው። ማይክሮፎኑን አቅርቡላቸውና በዚያ ልክ ልምምድ አድርጉ፤ በቃል ብቻ «ቀንሱ» ብትሏቸው ስሜቱም አብሮ ይቀንሳል።

የመጨረሻውን ትዕይንት ሰዎች ብዙ ጊዜ በንግግር ያበላሹታል። እዚህ ግን ኢንስፔክተር ሃባርድ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ በመስኮት ቶኒን ይከታተላል። ቶኒ ከማርጎ ቦርሳ ባወጣው ቁልፍ በሩን ይሞክራል፣ እምቢ ይለዋል፣ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል፣ ምንጣፉን ያነሳል። በሩን ሲከፍት ጥፋቱን በገዛ እጁ አረጋገጠ። እናንተም መፍቻውን በድርጊት ጻፉት፤ ማብራሪያው ከዚያ በፊት አልቆ መሆን አለበት።

ትዕይንቶች በተራቸው አይቀረጹምና፣ ያንን ባለ አራት ዓምድ ሰንጠረዥ ኮንቲኒዩቲ ለሚይዘው፣ ማለትም ዕቃና አቀማመጥ ከትዕይንት ትዕይንት እንዳይለወጥ ለሚቆጣጠረው ሰው ስጡት። ተመሳሳይ ቁልፍ ቢያንስ ሦስት አስቀርጹ፤ ካሜራ በማያየው በኩል የቀለም ነጥብ አድርጋችሁ ለዩዋቸው። በየቀኑ ቀረጻ ሲያልቅም የትኛው ቁልፍ የት እንደቀረ ፎቶ አንሱ።