ደመወዝህን የሚከፍልህ ማነው?

ልጆቼ፣

በዚህ ሙያ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ሥራዬ ሰው ያለችውን ገንዘብ እንዴት እንደሚይዝ፣ ለልጆቹ ትምህርት እንዴት እንደሚያዘጋጅ፣ ጡረታ ሲወጣ በምን እንደሚኖር ማማከር ነው። እዚህ አሜሪካ ፋይናንሻል ፕላነር ይሉናል። በቅርቡ ሙያውን የጀመራችሁ አንዳንዶቻችሁ ለቅሶ ቤት አግኝታችሁኝ፣ "ጋሼ፣ ማኅበር መግባት ከመዋጮ በቀር ምን ትርፍ አለው?" አላችሁኝ። በቁሜ የመለስኩላችሁ መልስ እኔንም አላረካኝም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍላችሁ።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

እ.ኤ.አ. በ1993 ኢንሹራንስ የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ጀማሪ ነበርኩ። አንዲት ያገሬ ሰው፣ ሆቴል ውስጥ ክፍል የሚያጸዱ እናት፣ በስንት ዓመት ያጠራቀሙትን 28,000 ዶላር ይዘው መጡ። ድርጅቱ በዚያ ወር "ሽጡ፣ ሽጡ" የሚለን አኑዊቲ የሚባል ውል ነበር። ገንዘቡ ሰባት ዓመት ይቀመጣል። ከዚያ በፊት የነካው ሰው ይቀጣል። ሸጥኩላቸው። ስለ ቅጣቱ ነግሬያቸዋለሁ፣ ግን ወረቀቱን እያገላበጥኩ፣ በጥድፊያ ነው። ልጆቻቸው አዲስ አበባ ቁጭ ብለው ቪዛ እንደሚጠብቁ አላወቅኩም። አልጠየቅኳቸውማ!

ቪዛው በዓመት ከመንፈቅ ወጣ። ቤታቸው ጠሩኝ። ቡና አፈሉ። ከኩሽናው መሳቢያ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጡና ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። እጥፋቱን በመዳፋቸው አለሰለሱት። ከዚያ ጣታቸውን አንዱ መስመር ላይ አደረጉና፣ "ልጄ፣ ይቺ 1,200 ዶላር የት ሄደች?" አሉኝ። ለልጆቹ ትኬትና ሰፋ ላለ ቤት ቀብድ 20,000 ዶላር ሲያወጡ የተቆረጠባቸው ቅጣት ነበር።

አልተቆጡኝም። ሁለተኛውን ስኒ ቀዱልኝ። እኔ ግን ከዚያ ሽያጭ ያገኘሁት ኮሚሽን ከሳቸው ቅጣት እንደሚበልጥ አውቅ ነበር። ቡናው አልወርድ አለኝ።

ሕግ አልጣስኩም። ድርጅቱም አመሰገነኝ እንጂ አልወቀሰኝም። ያኔ የጎደለኝ "ይሄ ነገር ልክ ነው ወይ?" ብዬ የምጠይቀው የሙያ ታላቅ ነበር። አለቃዬ የሚጠይቀኝ ስንት እንደሸጥኩ ብቻ ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባ የፋይናንስ ዕቅድ ባለሙያዎች ማኅበር ስብሰባ ወሰደኝ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ ቁርስ እየተበላ ነው። እኔን የመሰለ ሰው በዓይኔ ፈልጌ አጣሁ። አጠገቤ ጸጉራቸው የሸበተ አንዲት አሜሪካዊት ባለሙያ ተቀምጠው ነበር። ምን እንደምሠራ ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም አሉና፣ "ደመወዝህን የሚከፍልህ ማነው? ደንበኛህ ነው ወይስ ዕቃውን የሚያሸጥህ?" አሉኝ። ያቺን ጥያቄ ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። እስከ ዛሬ ይዣት አለሁ። የማኅበሩ ታሪክም ሲገባኝ፣ ማኅበሩ ራሱ ይህንኑ ጥያቄ ሲጋፈጥ ነው ያደገው።

ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 12 ቀን 1969 ነው። ሎረን ደንተንና ጄምስ ጆንስተን የሚባሉ ሰዎች፣ በጠቅላላው 13 ሆነው፣ ቺካጎ ኦሄር አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ሆቴል ውስጥ ተሰበሰቡ። ያን ጊዜ የሕይወት ኢንሹራንስ የሚሸጠው ኢንሹራንሱን፣ ሙቹዋል ፈንድ፣ ማለትም የብዙ ሰው ገንዘብ አንድ ላይ ተሰብስቦ የሚሠራበት ቋት፣ የሚሸጠውም ፈንዱን ይዞ በየበሩ ይዞራል። የሰውየውን ኑሮ አንድ ላይ አይቶ የሚመክር የለም። እነዚህ 13 ሰዎች "ይህ ሙያ ይሁን" አሉ። ከዚያ ስብሰባ አንድ ማኅበርና አንድ ኮሌጅ ተወለዱ። ኮሌጁ ዴንቨር ገባ። እ.ኤ.አ. በ1973 የመጀመሪያዎቹን 42 ሰዎች አስመረቀ። ዛሬ ሲኤፍፒ የምንለው ማዕረግ፣ የተመሰከረለት የፋይናንስ ዕቅድ ባለሙያ ማለት ነው፣ የመጣው ከዚያ ነው። ከተመራቂዎቹ አብዛኞቹ ወዲያው ሌላ ማኅበር አቋቋሙ፤ ለባለማዕረጎቹ ብቻ የሚሆን።

ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ሁለት ቤት ነበረን። አንደኛው በሩን ሰፋ አድርጎ የከፈተ ነው። ባለሙያውም፣ ሻጩም፣ ኩባንያውም ይገባል። ሁለተኛው ጠበብ ያለ ነው። በ1980ዎቹ የመጀመሪያው ቤት እንደ ጉድ አደገ። ምክንያቱን ግን ልብ በሉ። በዚያ ዘመን ከግብር የሚያስጥል እየተባለ በየቦታው የሚሸጥ የሕንጻ ሽርክና ነበር። ኮሚሽኑ ወፍራም ነው። ብዙ ሰው ሙያውን የተቀላቀለው ያን ለመሸጥ ነው። እ.ኤ.አ. የ1986 የግብር ሕግ ማሻሻያ ሲወጣ ያ ጥቅም ተቆረጠ። ገበያው ደረቀ። በዓመቱ ደግሞ የአክሲዮን ገበያው ወደቀ። ሻጮቹ ወደ ሌላ ሥራ ሄዱ። ደንበኞቻቸው የማይሸጥ ወረቀት ታቅፈው ቀሩ።

ይህን ስሰማ የአባቴ እድር ትዝ ይለኛል። ልጅ ሳለሁ አንድ ሀብታም ሰው የእድሩን ድንኳን ለሠርግ አከራይቶ ገንዘቡን ኪሱ ከተተ። ከሁሉም የበለጠ የሚያዋጣው እሱ ነበር። አንዳንዱ "ይታለፍ፣ ብዙ ይረዳናል" አለ። ዳኛው መዝገቡን ከፈቱና ስሙን ሰረዙ። በዚያ ዓመት የእድሩ ሣጥን ሳስቶ እንደነበር አባቴ ነግሮኛል። ለቅሶ ቤት ግን የጎደለ ሰው አልነበረም።

እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2000 ሁለቱ ማኅበራት ተዋህደው ፋይናንሻል ፕላኒንግ አሶሴሽን፣ ባጭሩ ኤፍፒኤ፣ ሆኑ። እኔም ማዕረጉን አግኝቼ ስለነበር በደስታ ገባሁ። ከሁሉም በላይ የምወደው የማኅበሩ ዘመን ከዚያ በኋላ ያሉት ጥቂት ዓመታት ናቸው። አክሲዮንና ፈንድ የሚያሻሽጡት የደላላ ኩባንያዎች በማኅበሩ ውስጥ የራሳቸው ክፍል ነበራቸው። ገንዘብ አላቸው፣ አቅም አላቸው። ዋሽንግተን ላይ ከሕግ አውጪዎቹ የሚፈልጉት ግን ተራው አማካሪና ደንበኛው ከሚፈልጉት ጋር አልገጥም አለ። በመጨረሻ ተለያዩ። ኩባንያዎቹ እ.ኤ.አ. በ2004 የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። እኛ ቅርንጫፍ ስብሰባ ላይ የነበረው ስሜት ትዝ ይለኛል። "ያለነሱ ገንዘብ እንዴት እንሆናለን?" የሚል ብዙ ነበር። እኔም ሰግቼ ነበር።

በዚያው ዓመት ማኅበሩ የአገሪቱን የሴኪዩሪቲስና ኤክስቼንጅ ኮሚሽን ፍርድ ቤት ገተረው። የአክሲዮን ገበያውን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ማለቴ ነው! ጉዳዩ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. የ1940 የኢንቨስትመንት አማካሪዎች ሕግ ምክር የሚሰጥን ሰው በባለአደራነት ይይዘዋል። ፊዱሺያሪ የሚሉት ማለት ነው፤ "የደንበኛህን ጥቅም ከራስህ አስቀድም" ነው ነገሩ። ኮሚሽኑ ግን ደላሎች ለምክራቸው ክፍያ እየተቀበሉም ከዚህ ሕግ ውጭ እንዲሆኑ የሚፈቅድ ደንብ አውጥቶ ነበር። የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. መጋቢት 30 ቀን 2007 ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ ደንቡን ሻረው። ያን ቀን መኪናዬን ዳር አቁሜ ዜናውን ሰማሁ። ያቺ የ1,200 ዶላር ወረቀት ፊቴ መጣች።

ማዕረጉን የሚሰጠው ቦርድ ከማኅበሩ የተለየ ተቋም ነው። አታምታቱት። ፈተናውን የሚያወጣው፣ ያጠፋውንም የሚቀጣው እሱ ነው። የቀጣቸውንም ሰዎች ስም ያወጣል። ፈተናው 170 ጥያቄ ነው፤ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ሦስት ሦስት ሰዓት ትቀመጣላችሁ። 6,000 ሰዓት የሥራ ልምድ፣ ወይም በታላቅ ባለሙያ ሥር ከሆነ 4,000 ሰዓት ይጠይቃል። ከቻላችሁ ሁለተኛውን ምረጡ። ከጎናችሁ ተቀምጦ ደንበኛ ሲያነጋግር የምታዩት ሰው የሚያስተምራችሁን መጽሐፍ አያስተምራችሁም። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ባለማዕረጎቹ ከ100,000 በላይ ናቸው። ከ42 ተነስቶ እዚህ መድረሱ ደስ ይላል። እኔን የበለጠ ደስ የሚለኝ ግን ቦርዱ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የገንዘብ ምክር በሰጡ ቁጥር ሁሉ ባለአደራ እንዲሆኑ ማስገደዱ ነው።

አዳራሹ ውስጥ እኔን የመሰለ ሰው እንዳጣሁ ነግሬያችኋለሁ። ያን ብቸኝነት ከኔ በፊት የቀመሱ አሉ። ሊካውንት ዴቪስ እዚሁ ዋሽንግተን የሠሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ማዕረጉን ያገኙ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። በ2001 የጥቁር አሜሪካውያን የፋይናንስ አማካሪዎችን ማኅበር መሠረቱ። የሃያ ሦስት ዓመት ብቸኝነታቸውን ለተተኪው በር አደረጉት። እናንተም ሁለት ማኅበር መግባት ትችላላችሁ። አንዱ ለሙያው፣ አንዱ ለልባችሁ።

አዲስ አበባ ሆናችሁ የምታነቡኝም እንዳላችሁ አውቃለሁ። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ወጥቷል። ገበያውን የሚቆጣጠረው ባለሥልጣን ተቋቁሟል። አክሲዮንና ቦንድ የሚገበያዩበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል። የኢንቨስትመንት አማካሪነት ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ሆኗል። አንድ ቀን ከጓደኞቻችሁ ጋር ተሰብስባችሁ "ማኅበር እናቋቁም" ትላላችሁ። 13 ብትሆኑ ይበቃል። መጀመሪያ ስለ አርማውና ስለ ምረቃው ድግስ አታስቡ። መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ተከራከሩ። አባል ማን ይሆናል? ሻጩ ኩባንያ ድምፅ ይኑረው? ያጠፋ አባል በማን ፊት ይቆማል? ለስብሰባችሁ ምሳ የሚከፍለው ማነው? ይህን በጠዋቱ ካልተነጋገራችሁበት በኋላ ለማንሳት ያሳፍራል።

እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ላላችሁት ደግሞ፣ የቅርንጫፋችን ስብሰባ አሁንም በጠዋት ነው። አሁንም ቁርስ አለ። የመጀመሪያ ቀን ሰው ሳያውቁ መግባት እንደሚከብድ አውቃለሁ። እኔ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ አልጠፋም። አጠገቤ ያለውን ወንበር ይዤላችኋለሁ።