ኳሳር ለምትከታተሉ ልጆቼ

እንጦጦ አናት ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። እዚያ ወጥታችሁ ሰማይ ለምትለኩ ወጣቶች አንድ ነገር አጥብቄ ልምከር፤ የአንድ ሌሊት ልኬት ይዛችሁ «ኳሳሩ ፈዘዘ» ለማለት አትቸኩሉ። ኳሳር ማለት በሩቅ ጋላክሲ፣ ማለትም በግዙፍ የኮከቦች ስብስብ፣ መሃል ያለ እጅግ ደማቅ ብርሃን ነው።

3ሲ 273 የተባለውን ኳሳር ውሰዱ። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ማርተን ሽሚት እጅግ ሩቅ መሆኑን የደረሰበት በ1963 እ.ኤ.አ. ነው። ወዲያው ተመራማሪዎች የሐርቫርድን የድሮ የመስታወት ፎቶዎች ማገላበጥ ያዙ። ለካ ከ1880ዎቹ ጀምሮ ሲነሳ ኖሯል! ብርሃኑም ከፍ ዝቅ ሲል ተገኘ። ያነሱት ሰዎች ኳሳር የሚባል ነገር አልሰሙም። ቀኑን ጽፈው በወጉ አስቀመጡ፣ በቃ።

ለምን ይለዋወጣል? መሃሉ ላይ ከፀሐይ በሚሊዮኖች፣ አንዳንዴም በቢሊዮኖች እጥፍ የሚከብድ ብላክ ሆል፣ ብርሃን እንኳ የማያመልጠው አካል፣ አለ። የሚያበራው ግን ዙሪያውን እየተሽከረከረ የሚወርደው የጋለ ጋዝ ነው። ጋዙ ተረጋግቶ አይወርድም፤ ይናወጣል፣ ሙቀቱም ይዋዥቃል። ብርሃኑ በወራት ውስጥ በጉልህ ከተለወጠ፣ የሚያበራው ቦታ ብርሃን በእነዚያ ወራት ከሚጓዘው ርቀት ብዙም አይሰፋም። ጋላክሲን በሙሉ የሚያስንቀው ይህን ያህል ጠባብ ቦታ ነው። እኔን እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

አካባቢውንም አትርሱ። ቀለቡ የሚመጣው ከጋላክሲው ነው፤ ጋዙ ሲመናመን ኳሳሩ ይከስማል። አቧራ በፊቱ ሲያልፍ ደግሞ መሃሉ ምንም ሳይሆን ለእኛ ይፈዛል፣ ቀላም ይላል። ቀላ ማለቱ ብቻውን ግን የአቧራ ማስረጃ አይሆንም፤ ብዙ ኳሳሮች በራሳቸው ሲፈዙም ቀላ ይላሉ። ስለዚህ በአንድ ፊልተር፣ ማለትም የተወሰነ ቀለም ብቻ በሚያሳልፍ ማጣሪያ፣ ብቻ አትለኩ። ራቅ ያለው ጋዝ የመሃሉን ለውጥ ዘግይቶ ያስተጋባል። ከመዘግየቱ ጋዙ ከመሃሉ ያለው ርቀት ይታወቃል፤ የጋዙ ፍጥነት ሲታከልበት የብላክ ሆሉ ክብደት ይሰላል።

የእኛም አካባቢ ጣጣ አለው። የከተማው መብራት በሱሉልታም በለገጣፎም በኩል እየሰፋ ነው፤ ጭጋጉም አለ። ሁልጊዜ እዚያው ምስል ውስጥ ካሉ ጎረቤት ኮከቦች ጋር አነጻጽሩ። እነሱም አብረው ከፈዘዙ ነገሩ የእኛ ሰማይ ነው። ክረምት ሲገባ ሰማዩ ይዘጋል። ያን ክፍተት በግምት አትሙሉት፣ ባዶውን ተዉት። ሌላ አገር ያሉ ሰዎች የእነዚያን ወራት ልኬት ይዘው ሊሆን ይችላል፤ ጻፉላቸው፣ የእናንተንም ላኩላቸው።