ጠጥቶ አደጋ ላደረሰው ወንድምሽ፦ ከራሴ ክስ የማውቀውን ልንገርሽ

እህቴ፣ ትናንት ማታ የጻፍሽውን ሁለቴ አነበብኩት። ወንድምሽ በአይሱዙ ሳቢያን አካባቢ ባጃጅ ገጭቷል። ጠጥቶ ነበር። የባጃጁ ሹፌር እጁ ተሰብሯል፣ ተሳፋሪዋ ሆስፒታል ተኝታለች። ወንድምሽ ጣቢያ ነው። አንድ ሰው ደግሞ «ረዳቱ ነው ሲነዳ የነበረው በሉ፣ ሌላውን ለእኔ ተዉት» ብሏችኋል። ቅጣቱ ስንት ነው፣ ጠበቃ ብንይዝስ ምን ብሎ ይከራከርልናል ብለሽ ጠይቀሻል።

እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። ግን እዚሁ ድሬዳዋ፣ በዚሁ ዓይነት ክስ ታስሬ ወጥቻለሁ። ያለፍኩበትን ልንገርሽ።

የረዳቱን ነገር ዛሬውኑ ተዪው። ከጋቢናው ማን እንደወረደ የባጃጁ ሹፌር አይቷል። መንገደኛው አይቷል። በሐሰት መመስከርም ሆነ ሰውን በሐሰት ማስመስከር ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። አንድ ሰው የታሰረበት ቤተሰብ ሦስት ሰው ይታሰርበታል። ረዳቱም የሰው ልጅ ነው፣ እናት አለው። ደግሞ ውሸት አንዴ መዝገብ ውስጥ ከገባ፣ በኋላ የምትናገሪውን እውነት ሁሉ ይበላብሻል። ይህን የምልሽ በራሴ ስለደረሰ ነው።

2009 ዓ.ም. ነው፣ የማንጎ ወቅት። ከሰርግ እየተመለስኩ ነበር። ከሰዓት ጫት ቅሜ ነበር፣ ማታ ምርቃናውን ለማብረድ በቢራ ጨበስኩ። የድሬ ልጅ ስለሆንሽ ጨብሲ ምን እንደሆነ አላስረዳሽም። ክፋቱ የጫቱ ምርቃና ስካሩን ይሸፍነዋል። ዓይንህ ይፈጣል፣ አፍህ አይኮላተፍም፣ ደህና ነኝ ትላለህ። እኔም ከልቤ ደህና ነኝ ብዬ ነው ቁልፉን ያነሳሁት። ከአንድ ቅያስ ማንጎ የጫነ የእጅ ጋሪ ብቅ አለ። መብራት የለው፣ አንጸባራቂ የለው። ፍሬን ያዝኩ፣ ግን ዘገየሁ። ስወርድ የጋሪው ባለቤት አስፋልቱ ላይ ተቀምጦ ቀኝ እግሩን በሁለት እጁ ይዞታል። ማንጎው ጎማዬ ስር ተጨፍልቆ ሽታው መንገዱን ሞልቶታል። እስከ ዛሬ ቤት ውስጥ ማንጎ ሲላጥ ተነስቼ እወጣለሁ።

ጣቢያ ገብቼ «ምንም አልጠጣሁም» አልኩ። የደም ምርመራው ሌላ ተናገረ። ከዚያ በኋላ ችሎት ቆሜ «ጋሪው መብራት አልነበረውም፣ ከቅያስ ዘሎ ነው የገባብኝ» ብል ማን ይመነኝ? እውነት ነበር። ጠበቃዬ በእጁ የነበረው ትልቁ መከራከሪያም እሱ ነበር። የመጀመሪያው ቃሌ ውሸት ስለነበረ ግን ሁለተኛው ሚዛን አልደፋም።

ወንድምሽ መብት አለው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው ዝም ማለት ይችላል፣ የሚናገረው ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችልም ሊነገረው ይገባል። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ጠበቃ እስኪያገኝ ዝም ቢል ማንም አያስገድደውም። ዝም ማለትና መዋሸት ግን አንድ አይደሉም። ከተናገረ እውነቱን ይናገር። ቃሉን ፈርም ሲሉትም መጀመሪያ ያንብበው። እኔ ደክሞኝ ሳላነብ ነው የፈረምኩት።

ወደ ቅጣቱ ልምጣ። ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው ሆስፒታል በተኛችው ሴት ላይ ነው። ከዳነች ክሱ በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስ ይሆናል፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 559። ጉዳቱ ከባድ ከሆነ፣ ወይም ጉዳት አድራሹ እንደ ሹፌር የሰው ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ከሆነ፣ እስራት ሲፈረድ ከ6 ወር አያንስም። እኔ የተፈረደብኝ በዚህ ነው። 7 ወር ታሰርኩ፣ መንጃ ፈቃዴም ታገደ።

አያድርገውና ከሞተች አንቀጽ 543 ይመጣል። እዚህ ላይ አስተውዪ። አንድ ሹፌር በቸልተኝነት ሰው ሲገድል በንዑስ አንቀጽ 2 ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ ነው። በመጠጥ ራሱን ኃላፊነት የማይሰማው ሰው አድርጎ ከሆነ ግን ወደ ንዑስ አንቀጽ 3 ይዘላል። እሱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ ነው። የአንዱ ጣሪያ የሌላው ወለል ነው። ሟች አንድ፣ ሹፌር አንድ፣ አደጋው አንድ፣ የሚለየው መጠጡ ነው። ሁለት ሰው ቢሞትም፣ የትራፊክ ደንብን ሆን ብሎ ጥሶ ቢሆንም እዚያው ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ ያርፋል።

ስለዚህ ጠበቃው ዋና ሥራው እዚህ ነው፤ ንዑስ አንቀጽ 2 ነው ወይስ 3? «ሰክሮ ስለነበር የሚሠራውን አያውቅም» የሚል ካለ አትስሚው። በራሱ ጥፋት የሰከረ ሰው በስካሩ ነፃ አይወጣም፣ ጠበቃው የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 50 ያንብብልሽ። ይልቅ ጠበቃው የሚጠይቀው ሌላ ነው። ምን ያህል ጠጥቷል? በትንፋሽ ነው በደም የተመረመረው? አደጋው ከደረሰ ከስንት ሰዓት በኋላ? ወረቀቱ ላይ ሰዓቱ ተጽፏል? በደሙ ያለው አልኮል በደንቡ ከተቀመጠው መጠን በላይ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። የአፍ ሽታ ብቻውን መጠን አይናገርም። ከዚያ የትራፊክ ፖሊሱ ያነሳውን ፕላን፣ የአደጋውን ቦታ ንድፍ፣ ማየት ነው። የፍሬኑ ምልክት ስንት ሜትር ነው፣ ባጃጁ በየትኛው መስመር ነበር፣ ቅድሚያ የማን ነበር። ባጃጁ ያለ አግባብ ገብቶ ከሆነ፣ ጉዳቱን ያመጣው መጠጡ ነው ወይስ ሌላ ነገር የሚለው እውነተኛ ክርክር ነው። ቦታውን ዛሬ ሄደሽ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። የመንገድ መብራት መኖር አለመኖሩን፣ ምልክቱን፣ ቅያሱን። ዝናብ ወይም ማዘጋጃ ቤት ሳይለውጠው።

ዋስትና ብለሽ ነበር። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 63 ወንጀሉ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ከሆነና ተጎጂው ሊሞት የሚችል ከሆነ በሩን ይዘጋል። የንዑስ አንቀጽ 3 ጣሪያ ደግሞ ልክ 15 ነው። ፖሊስም ምርመራውን ለመጨረስ ጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ተጨማሪ የማቆያ ቀናት፣ ሊጠይቅ ይችላል፣ በአንዴ እስከ 14 ቀን ሊፈቀድለት ይችላል። በእኔ ጊዜ ዳኛው መጀመሪያ የጠየቁት ተጎጂው በምን ሁኔታ ላይ ነው የሚለውን ነበር። ከሆስፒታል የመጣው ወረቀት ከአደጋ ክልል ወጥቷል ሲል ነው ዋስ የተፈቀደልኝ። ጠበቃችሁ ይህን ወረቀት በጊዜ እንዲቀርብ ይጠይቅ።

ጠበቃ ለመያዝ አቅም ካጣችሁ በችሎት ተከላካይ ጠበቃ እንዲመደብለት ይጠይቅ። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ስለ ካሳው ባጭሩ። አይሱዙው የሌላ ሰው ከሆነ ባለቤቱም በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 ተጠያቂ ነው፣ ስለዚህ ዛሬውኑ ይወቀው። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው፣ የተጎጂዎቹ መብት ነው፣ እንዲያገኙት እርዷቸው። ሙሉ መድን ቢኖረውም ግን ተስፋ አታድርጉበት። ውሉ አብዛኛውን ጊዜ ጠጥቶ የነዳን አይሸፍንም።

አሁን ደግሞ ከሁሉም በላይ ልነግርሽ የፈለግኩት። የተጎጂዋ ቤተሰብ ጋ ሂዱ። ሽማግሌ ይዛችሁ፣ ጉዳዩን ለማዘጋት ሳይሆን። እናቴ የሄደችው በአራተኛው ቀን ነው፣ ገንደ ቆሬ ሰፈር፣ ከሁለት ሽማግሌ ጋር። የባለ ጋሪው ሚስት በሩን ከፍታ ዝም ብላ ቆመች። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ ባዶውን የማንጎ ቅርጫት አምጥታ እናቴ እግር ስር አስቀመጠችው። አንድም ቃል አልተናገረችም። እናቴም ቅርጫቱን አቅፋ አለቀሰች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የመድኃኒቱን፣ የራጁን፣ የቤት ኪራዩን ከፈልን፣ ለ5 ወር። የሸጥነው ፍሪጅና የእህቴ ሀብል ነው።

እርቅ የወንጀል ክሱን አያቆመውም፣ ዐቃቤ ሕግ ይቀጥላል። «ከታረቃችሁ ይዘጋል» የሚላችሁ ሰው ገንዘባችሁን ነው የሚፈልገው። ግን የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 መጸጸትን፣ ተጎጂን መርዳትን፣ ጥፋትን ማመንንና ጉዳትን መካስን ቅጣት ማቅለያ ያደርጋቸዋል። ደረሰኙን ሁሉ ያዙ። የእኔን ዳኛ ያለሰለሰው የጠበቃዬ ንግግር አይመስለኝም። ሰውየው ራሱ በክራንች መጥቶ «ቤቴን ሳይረሳ ቆይቷል» ብሎ መመስከሩ ነው። ዛሬም ያነክሳል። በየበዓሉ እሄዳለሁ።

ደግሞ ወንድምሽን አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ከገጨ በኋላ ቆሟል ወይስ ሄዷል? ቆሞ ካነሳቸው፣ ባጃጅ ጠርቶ ሆስፒታል ካደረሳቸው፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ያየ ሰው በስም ይፈለግ። ጥሎ ሄዶ ከሆነ ግን የገጨውን ሰው ሳይረዱ መሄድ በአንቀጽ 575 ሌላ ክስ ይጨምራል። ያንንም ጠበቃው ከእናንተ ይስማው፣ ችሎት ላይ ከዐቃቤ ሕግ አይስማው።

ነገ ጠዋት መጀመሪያ ሆስፒታል ሂጂ። ተሳፋሪዋ የት ክፍል እንደተኛች፣ አስታማሚዋ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደጎደላት ጠይቂ። ጠበቃ ጋ ከሰዓት ትደርሻለሽ። የሚቀርብበትን ቀን ጻፊልኝ፣ ችሎት አብሬሽ እቀመጣለሁ።